ልጅዎን ለሥነ ልቦና ምርመራ ሲወስዱ፦ ከቤት ማስታወሻ እስከ ድጋፍ ዕቅድ

ልጁ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። ወይም ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል አልለየችም። ወይም መምህሩ በየሳምንቱ ወላጅ ይጠራል። ዘመድ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» ይላል፣ ጎረቤት ጸበል ይመክራል፣ ትምህርት ቤቱ «አሳይታችሁት ኑ» ብሎ ይሸኛል። የት፣ ለማን፣ ምን ብለው እንደሚያሳዩት ግን የሚነግርዎት የለም። ከዚህ በታች ያለው ያ ነው።

1. ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ልጄን መርምሩልኝ» ጥያቄ አይደለም። እንዲህ ብለው ከገቡ ባለሙያው እጁ ላይ ያለውን ፈተና ይሰጣል፣ ቁጥር ይጽፋል፣ እርስዎም ቁጥሩን ይዘው ይወጣሉ። «በቃል የነገሯትን ሁሉ ትመልሳለች፣ የተጻፈውን ማንበብ ግን አቃታት፤ ለምን?» ብለው ከጠየቁ የምርመራው መንገድ ይለወጣል። ባለሙያው የድምፅና የፊደል ችሎታዋን፣ የማስታወስ አቅሟን ይፈትሻል፣ ዓይኗም እንዲታይ ይልካል። የትኛው ፈተና እንደሚሰጥ የሚወስነው ጥያቄው ስለሆነ፣ ከቤት ሳይወጡ ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ይስማሙበት። አባትና እናት የተለያየ ጥያቄ ካላቸው ሁለቱንም ይጻፉ፤ ልዩነቱ ራሱ ለባለሙያው መረጃ ነው።

2. ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ

ከማንኛውም ፈተና ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አብዛኛው ቤተሰብ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አንድ የ50 ገጽ ደብተር ይበቃል። ገጹን ለሦስት ይክፈሉት፦ ከመነሻው በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ተከተለ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምን ያህል እንደቆየ ይጨምሩ።

«ዛሬ በጣም ረበሸ» የሚል ማስታወሻ ምንም አይናገርም። ይህኛው ግን ይናገራል፦

«ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት። ቴሌቪዥን አጥፋ ተባለ። ወለል ላይ ተኛ፣ ጮኸ፣ ጫማ ወረወረ። 12 ደቂቃ። አያቱ መልሳ ስትከፍትለት ዝም አለ።»

የመጨረሻዋን መስመር ልብ ይበሉ። ልጁ በ12 ደቂቃ ጩኸት ቴሌቪዥኑን አስከፍቷል፤ ነገ ደግሞ ከ12ኛው ደቂቃ በፊት አይተውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አምስት ጊዜ ከተደጋገመ ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ልጁ የሚያበሳጭዎትን ብቻ ሳይሆን ያደረገውን ጥሩ ነገርም ይጻፉ፤ ድጋፉ የሚቆመው በዚያ ላይ ነውና።

ቪዲዮም ይቅረጹ። አንድ ሁለት ደቂቃ የሚሆን፣ ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ሲያስቸግር። ልጅ አዲስ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል፤ በቤት የሚንጫጫው እዚያ ድምፁ ላይሰማ ይችላል።

3. አስቀድመው ሰውነቱን ያስመርምሩ

ጆሮ መጀመሪያ። የማይናገር ወይም ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ሁሉ የመስማት ምርመራ ሳይደረግለት ሌላ ስም ሊሰጠው አይገባም። «ሙዚቃ ሲከፈት ይሰማል» ማለት በቂ አይደለም፤ ወፍራም ድምፅ እየሰማ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆችን የማይሰማ ልጅ አለ። ተደጋጋሚ የጆሮ መምገል የነበረበት ከሆነ በተለይ አይለፉት።

ዓይን ቀጥሎ። ከዚያ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ ማታ ማንኮራፋትና እንቅልፍ። ዕድሜው ከ6 እስከ 12 የሆነ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ የሚያመሽ ልጅ ክፍል ውስጥ ትኩረት ቢያጣ አይገርምም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ልጁ በመሃል ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ ይቀርና፣ ሲጠሩት አይሰማ፣ ቢነኩት አይነቃ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ያቋረጠውን ይቀጥላል? በቀን ደጋግሞ? መምህሩ «ሐሳቡ ይበተናል» ይላል፤ ነገር ግን ይህ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በስልክ ቀርጸው ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩ።

4. ወደ ማን እንደሚሄዱ ይለዩ

የሥነ ልቦና ባለሙያ (ሳይኮሎጂስት) ይፈትናል፣ ያማክራል፣ ወላጅ ያሠለጥናል፤ መድኃኒት አያዝዝም። የአእምሮ ሐኪም (ሳይካትሪስት) ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። የንግግር ባለሙያ (ስፒች ቴራፒስት) አፍ መፍታት ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል፣ ጳውሎስና የካቲት 12 ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣሉ። በኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የዕድገት ሁኔታ) ላይ ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቷት ጆይ ማዕከል መንገድ ከፋች ናት። ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ወላጆች ከጤና ጣቢያ ሪፈር መጠየቅ ይጀምሩ፤ ያለ ሪፈር ረጅም መንገድ ተጉዞ መመለስ አለና።

ሕፃኑ ከ16 እስከ 30 ወር ከሆነና ኦቲዝም ከጠረጠሩ፣ ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ወላጅ «አዎ» ወይም «አይደለም» እያለ ይሞላዋል። ውጤቱ ከ0 እስከ 2 ከሆነ ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከ3 እስከ 7 ከሆነ ባለሙያ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሙሉ ምርመራ ይላካል። ይህ ማጣሪያ ነው። በመጠይቅ ብቻ «ልጅዎ ኦቲዝም አለበት» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

የትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ (ኤዲኤችዲ) ለማለትም ምልክቶቹ ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩ፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ከአንድ ቦታ በላይ የሚታዩ መሆን አለባቸው። ቤት ውስጥ ብቻ የሚቅበጠበጥ፣ ትምህርት ቤት ግን ደህና የሆነ ልጅ ሌላ ጥያቄ ይጠየቅበታል። ስለዚህ የመምህሩ ቃል የግድ ነው።

5. የልደት ቀኑን በትክክል ይለውጡ

ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ውጤት ታበላሻለች። የችሎታ ፈተናዎች ልጁን የሚያነጻጽሩት ከእኩዮቹ ጋር ነው፤ እኩያ የሚባለውም በዓመት ብቻ ሳይሆን በወራት ተከፋፍሎ ነው። ሐምሌ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጁላይ 10 ቀን 2018 ነው የተወለደው። ካርድ ላይ «3/11/2010» ተብሎ ተጽፎ፣ ጸሐፊው ዓመቱን ብቻ ለውጦ «3/11/2018» ካለ ልጁ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የተወለደ ይሆናል። አራት ወር ገደማ ያነሰ ዕድሜ ተሰጠው ማለት ነው፤ ከታናናሾቹ ጋር ይወዳደርና ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ይላል፣ ችግሩም ይሸፈናል። የወሩን ስም በፊደል ጽፈው ይስጡ፣ ሲለወጥም ዓይተው ያረጋግጡ።

ከዚህ ሌላ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት፣ ሁለት ሦስት የደብተር ገጽ (ከዓመቱ መጀመሪያም ከአሁኑም) እና የሚወስደው መድኃኒት ካለ ዕቃውን ይያዙ።

6. የምርመራው ዕለት

ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉት፣ 3 ሰዓት አካባቢ። ልጁ የሚጾም ከሆነ ከጾም ውጭ ያለ ቀን ይምረጡ ወይም ከበላ በኋላ ያድርጉት፤ በባዶ ሆድ የተሠራ ፈተና የሚለካው ረሃብን ነው። መነጽር ካለው አይርሱ። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካለው ቀጠሮ ያዛውሩ።

ለልጁ ምን ይባላል? «ካልተማርክ ሐኪሙ ይወጋሃል» ማለት ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት ይገድለዋል። «ሽርሽር ነው» ማለትም ውሸት ነው፣ እዚያ ሲደርስ እምነቱ ይፈርሳል። እንዲህ ይበሉት፦ «ከአንዲት ሴትዮ ጋር ትቀመጣለህ። ጥያቄ ትጠይቅሃለች፣ ሥዕል ታሳይሃለች፣ በኩብ ትሠራለህ። ቀላልም ከባድም አለው። የማታውቀው ቢመጣ አላውቅም በል፤ መርፌ የለም።»

አያስጠኑት። ከኢንተርኔት የፈተና ጥያቄ አውርደው የሚያለማምዱ ወላጆች አሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ይልና ልጁ የሚያስፈልገውን እርዳታ ያጣል።

ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጡ ከተፈቀደልዎት ከልጁ ጀርባ ይሁኑ። ልጁ ቀይና ነጭ ኩቦችን እንደ ሥዕሉ እየገጠመ ነው እንበል። አንዱን አዙሮ ያዘ፣ ቀና አለና ፊትዎን አየ። ቅንድብዎ ከተነሳ ኩቡን ያዞረዋል። በዚያች ቅጽበት ፈተናውን የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ ባለሙያው ሊያየው የፈለገው ደግሞ ልጁ ሲሳሳት ራሱ ያርመዋል ወይስ ይተወዋል የሚለውን ነበር።

ሙሉ የችሎታ ፈተና ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ውኃና ዕረፍት ይጠይቁ፤ ደክሞት ከሆነ ለሁለት ቀን መክፈል ይቻላል።

7. በየትኛው ቋንቋ?

ይህን ሳይጠይቁ አይግቡ። ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ እየተናገረ በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ አለ። ከስልክ ካርቱን እንግሊዝኛ ብቻ ለምዶ ከአያቱ ጋር መግባባት ያቃተው ሕፃንም አለ። ብዙዎቹ የችሎታ ፈተናዎች የተሠሩት በሌላ አገር ልጆች መለኪያ ነው። የቃላት ጥያቄን እዚያው በአፍ ተርጉሞ መጠየቅ ይቻላል፣ ውጤቱን በውጭው ሠንጠረዥ መቁጠር ግን ትክክል አይደለም፤ በአንዱ ቋንቋ ቀላል የሆነ ቃል በሌላው ከባድ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ይህን በሪፖርቱ ላይ ይጽፋል፣ በቃል ከሚመለሱት ይልቅ በሥዕልና በኩብ የሚሠሩትን ያስቀድማል።

ንባብም የራሱ ጉዳይ አለው። የአማርኛ ንባብ መታየት ያለበት በአማርኛ ነው፦ ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ በአንዲት ጭረት የሚለያዩትን ትለያለች? ካዕቡን ከሣልሱ? ቅጥላቸው ሥርዓት የማይከተለውን ሳድሶች፣ ል፣ ር፣ ትን? ፊደል ገበታውን እንደ መዝሙር በቃሏ የምትወጣ ልጅ ፊደሉ ተበታትኖ ሲቀርብላት ልትጠፋ ትችላለች። ይህን እርስዎም ቤት ውስጥ በካርቶን ቁራጭ ሊሞክሩት ይችላሉ።

አሜሪካ ያሉ ወላጆች ለሕዝብ ትምህርት ቤቱ የምርመራ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ነፃ ነው። ወላጅ በፈቃድ ከፈረመ በኋላ የፌዴራል ሕጉ ምርመራውን ለመጨረስ 60 ቀን ይሰጣል፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱ ገደብ ከሌለው። ምርመራው በተቻለ መጠን ልጁ ራሱን በሚገልጽበት ቋንቋ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ታላቅ እህቱ እንድታስተረጉም አይፍቀዱ።

8. ውጤቱን ሲቀበሉ

በችሎታ ፈተናዎች ላይ አማካዩ 100 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ ከ85 እስከ 115 ይውላሉ። አንዱ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ልጁ በቃል 110፣ በፍጥነት 78 ቢያመጣ አማካዩ ሁለቱንም ይደብቃል፤ ጠቃሚው ልዩነቱ ነው። ቁጥሩ ከ70 በታች ቢሆን እንኳ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ለማለት የዕለት ኑሮው መታየት አለበት፦ ራሱ ይለብሳል? ሱቅ ተልኮ መልስ ቆጥሮ ይመጣል?

እነዚህን ይጠይቁ፦ ጥያቄዬ ተመለሰ? ልጄ የሚችለው ምንድን ነው? ነገ ጠዋት ቤት ውስጥ ምን ልቀይር? ለትምህርት ቤቱ የትኛውን ገጽ ልስጥ? ሪፖርቱን በእጅዎ ይቀበሉ። ሙሉውን ለትምህርት ቤት መስጠት ግዴታ የለብዎትም፤ ምክሮቹ ያሉበት ገጽ ይበቃል።

9. ድጋፉ

አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለማስተካከል የተነሳ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል።

በየቀኑ 15 ደቂቃ ልጁ በመረጠው ጨዋታ አብረውት ይሁኑ፤ ስልክ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ «እንዲህ አይደለም» የለም። ትእዛዝ ሲሰጡ ቀርበው፣ ስሙን ጠርተው፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት፤ ከዚያ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። «ጎበዝ» ከማለት «ጫማህን በቦታው አስቀመጥክ፣ ጎበዝ» ይበሉ። ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ አይከፈትም፤ አያቱም ይህን አውቀው መስማማት አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ከ12 ደቂቃ ወደ 25 ሊወጣ ይችላል። የቀድሞው መንገድ ስለማይሠራ ልጁ አጥብቆ እየሞከረ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፣ በ25ኛው ደቂቃ ከከፈቱ ደግሞ 25 ደቂቃ መጮህን አስተማሩት።

ከትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው ትንሽ ይሁን፦ ፊት ወንበር፣ የቤት ሥራው ግማሽ፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ በልጆች ፊት ጮክ ብሎ አለማስነበብ። ለመምህሩ በአንድ ገጽ ይስጡት።

እናቲቱን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ሌሊት የማትተኛ፣ «ከኔ ነው የመጣው» እያለች የምታለቅስ እናት የተሰጣትን ዕቅድ መፈጸም አትችልም፤ የእርሷ ሕክምናም የልጁ ዕቅድ አካል ነው። ጸበል የሚወስዱ ከሆነ ይውሰዱ፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ፣ ይናገር የነበረው ድንገት ካቆመ፣ ጥቃት ደርሶበታል ብለው ከጠረጠሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ለጾታዊ ጥቃት አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለው። ልጁን በየዘመዱ ፊት ደጋግመው አይጠይቁት፣ ልብሱንም አይጠቡ።

በስምንተኛው ሳምንት ያንኑ ደብተር አውጥተው ያንኑ ነገር እንደገና ለሁለት ሳምንት ይቁጠሩ። በሳምንት ዘጠኝ ጊዜ የነበረው አራት ከሆነ ዕቅዱ ይቀጥል፤ ካልተለወጠ ደብተሩን ይዘው ወደ ባለሙያው ይመለሱ። የችሎታ ፈተናውን ግን ዓመት ሳይሞላ አያስደግሙ፤ ልጁ ጥያቄዎቹን ያስታውሳቸዋል።