በፖቶማክ ወንዝ ዳር በብስክሌት፦ የሲ ኤንድ ኦ ቦይን መንገድ ለመንዳት ማወቅ የሚገባዎት

ከጆርጅታውን ተነሥቶ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ከምበርላንድ ድረስ 184.5 ማይል የሚዘልቀው የሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) ቦይ መንገድ፣ በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሰው ከመኪና ርቆ ገጠር ውስጥ ብስክሌት የሚነዳበት እጅግ የቀረበ ቦታ ነው። ቦዩ በ1828 መቆፈር ተጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ ደረሰ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት መንገድ በቅሎዎች የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ ይጎትቱበት የነበረው የቦዩ ዳር ነው። በ1924 ጎርፍ ካበላሸው በኋላ ጀልባ ቆመ፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ከፍ የሚለው 605 ጫማ ብቻ ነው። እሱም በ74 የውሃ በሮች፣ በተለምዶ ሎክ በሚባሉት፣ ላይ ስለተከፋፈለ በእያንዳንዱ የሚገጥምዎት 8 ጫማ ያህል አጭር ዳገት ነው። ስለዚህ የጉልበት ጉዳይ አያስጨንቅዎ። ሰውን የሚያስቸግረው ጭቃው፣ የዛፍ ሥሩ፣ በውሃ መቅጃዎች መካከል ያለው ርቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቁለት ባለመኖሩ ሳያርፉ መርገጡ ነው።

ብስክሌቱ

የኋላ ንዝረት መምጠጫ (ሾክ) ያለው ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ክብደት ብቻ ይጨምራል። የፊት ሾክ ብቻ ያለው ተራ የተራራ ብስክሌት ይበቃል፤ ሾኩ መቆለፊያ ካለው ደልዳላው ላይ ይቆልፉት። ወሳኙ ጎማው ነው። ስፋቱ ከ1.75 እስከ 2.1 ኢንች የሆነ፣ ጥርሱ ያልበዛ ጎማ ይምረጡ። 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ብስክሌትም በደረቅ ጊዜ በደንብ ይሄዳል። ባለ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር የአስፋልት ጎማ ግን ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሥር ሲመታም ካላማዳሪያው ይበሳል።

የአየሩን መጠን በመንፊያ ሰዓት ይለኩ፤ በአውራ ጣት ጫን ብሎ መገመት አይበቃም። ክብደቱ 75 ኪሎ አካባቢ ለሆነ ሰው 2.1 ኢንች ጎማ ላይ ከፊት 28፣ ከኋላ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፤ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከፊት 40፣ ከኋላ 45 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። ከኋላ ሻንጣ ከጫኑ በኋለኛው ላይ 5 ይጨምሩ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አይለፉ። አየሩ ካነሰ ጎማው ሥር ላይ ሲያርፍ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በሥሩ መካከል ይቆነጠጣል፤ ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ካገኙ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከበዛ ደግሞ እያንዳንዱ ጠጠር እጅዎንና ጀርባዎን ይመታል።

መቀመጫውን በጥንቃቄ ያስተካክሉ። ተረከዝዎን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ በእግርዎ ፊት ሲረግጡ ጉልበትዎ በመጠኑ ይታጠፋል። የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ላይ ከቀና ብልትና መቀመጫ ይደነዝዛል፤ ወደ ታች ካዘመመ ሰውነትዎ ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ክብደቱ መዳፍዎ ላይ ያርፋል፣ ጣትም ይደነዝዛል። ሌላ መንገድ ላይ ቁልቁለት ሲመጣ ሰው ሳያስበው ከመቀመጫው ይነሣል። እዚህ ግን በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ሆን ብለው ለጥቂት ሰከንድ ይቁሙ። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ከ15 ማይል በላይ ለሚሄድ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ፓራፋንጎ ያስገጥሙ፤ ነገር ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። የዚህ መንገድ ሸክላ አፈር ሲረጥብ ተለጥፎ ይጠነክራል፤ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ጎማው መዞር ያቆማል።

ይዘው የሚወጡት መሣሪያ

በአብዛኛው መንገድ ላይ ብስክሌት ጠጋኝ የለም፤ ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም። ስለዚህ ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ ከነሙጫው፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ፣ የእጅ መንፊያ፣ ባለ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር የአለን ቁልፍ፣ ካቴና መቁረጫና ለካቴናዎ ልክ የሆነ አንድ ማገናኛ ይያዙ። ካላማዳሪያውን ከመግዛትዎ በፊት የቸርኬዎ ቀዳዳ ወፍራም ቫልቮላ ወይስ ቀጭን እንደሚቀበል ያረጋግጡ፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ቀዳዳ አይገባም።

ከየት እስከ የት

ለመጀመሪያ ጊዜ ከብራንስዊክ (ከጆርጅታውን ሲቆጠር ማይል 55) እስከ ሃርፐርስ ፌሪ ትይዩ (ማይል 60.7) እንዲነዱ እንመክራለን። ደርሶ መልሱ ከ12 ማይል ያነሰ ነው፣ ወንዙ ሰፊ ነው፣ ሕዝቡ አይበዛም፣ ለልጆችም ይመቻል። ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ከተማ ለመሻገር በባቡር ድልድዩ ጎን ያለውን የእግረኛ መንገድ ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን መውጫው የብረት ደረጃ ስለሆነ ብስክሌቱን መሸከም ግድ ይላል። ከባድ ሻንጣ ካለዎ አስቀድመው ያውርዱት።

ያለ መኪና ለሚወጣ ሰው ሜትሮ አለ። ብስክሌት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ በባቡሩ መካከለኛ በር ሳይሆን በዳር ባሉት ይግቡ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ይዘው ቤተዝዳ ይውረዱና በአስፋልት በተሠራው የካፒታል ክሬሰንት መንገድ እስከ ፍሌቸርስ ኮቭ ይንዱ፤ ወደ ቦዩ መንገድ የሚገቡት እዚያ ነው (ማይል 3.1)። ከቨርጂኒያ በኩል ለሚመጣ ደግሞ የቼይን ብሪጅ ድልድይ በቀጥታ ያገናኛል። ከፍሌቸርስ እስከ ግሬት ፎልስ (ማይል 14.3) ደርሶ መልስ 22 ማይል ተኩል ገደማ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግሬት ፎልስ አካባቢ እግረኛው ስለሚበዛ በማለዳ ደርሶ መመለስ ይሻላል። በዚያው አካባቢ ያለው ቢሊ ጎት የሚባለው የድንጋይ መንገድ ለእግረኛ ብቻ ነው፤ ብስክሌት ይዘው አይግቡበት።

ጸጥታ ለሚፈልግ ከሴኔካ (ማይል 22.7) ወደ ላይ ያለው ክፍል ከሁሉ ይበልጣል። በማይል 42.2 የሞኖካሲ ወንዝን የሚሻገረው ባለ ሰባት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ውሃን በውሃ ላይ ያሳለፈ ሥራ ነው፤ ቦዩ ካሉት 11 እንዲህ ያሉ ድልድዮች ትልቁ እሱ ነው። እላዩ ላይ ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ ይለፉ።

ጊዜዎን ሲያሰሉ በደረቅ መንገድ ጀማሪ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ማይል፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ከ5 እስከ 6 ማይል እንደሚሄድ ይቁጠሩ። መንገዱ ደርሶ መልስ ስለሆነ ጉልበትዎ ሲያልቅ ሳይሆን ከያዙት ውሃ ግማሹ ሲያልቅ ይመለሱ። የማይል ምሰሶዎቹ የሚቆጥሩት ከጆርጅታውን ነው፤ እርዳታ መጥራት ካስፈለገ የመጨረሻውን ያለፉትን ቁጥር ይንገሩ።

ዝናብና ጭቃ

ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደረቅ ቀን ይጠብቁ። ለእርስዎ ምቾት ብቻ አይደለም፤ በእርጥቡ ላይ የተነዳ ጎማ የሚተወው ፈር ሲደርቅ ይጠነክርና ለሚቀጥለው ነጂ መሰናክል ይሆናል። ኩሬ ሲያጋጥም ጥልቀቱን ካላወቁ ወርደው ይግፉ። ጭቃ ውስጥ ከገቡ ቀላል ማርሽ ይያዙ፣ መቀመጫው ላይ ይቆዩ፣ መሪውን አያጥብቁት፣ የፊት ፍሬን አይንኩ። እርጥብ ሥርን በተቻለ መጠን በቀጥታ ይሻገሩ፤ በሰያፍ ከመጡበት የፊት ጎማው በሥሩ ርዝመት ይንሸራተትና ይጥልዎታል። በመከር ወራት ደግሞ ቅጠሉ ሥሩንና ጉድጓዱን ስለሚሸፍን ፍጥነት ይቀንሱ።

ሃንኮክ (ማይል 124) አካባቢ ከሆኑ መንገዱ ቢበላሽም አይመለሱ፤ ከቦዩ ጎን በቀድሞው ሐዲድ ላይ የተሠራ የዌስተርን ሜሪላንድ አስፋልት መንገድ አለ።

ውሃና ስንቅ

በሞቃት ቀን በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ ያስቡ። በየካምፕ ቦታው የእጅ ፓምፕ አለ፤ ነገር ግን በብርድ ወራት፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ገደማ፣ ይዘጋል፣ በሌላ ጊዜም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንድ ፓምፕ ባይሠራ እስከ ቀጣዩ የሚያደርስ ውሃ ይያዙ። የወንዙን ወይም የቦዩን ውሃ አይጠጡ። ስንቅ በተመለከተ ጨው ያለው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በማር የተለወሰ በሶ በሙቀት አይበላሹም፣ ጾም ላይ ላለም ሰው ይሆናሉ። በየ45 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይብሉ። የዝይ ኩስ ያለበት ጭቃ የጠርሙሱን አፍ ስለሚነካ ከመጠጣትዎ በፊት ይጥረጉት።

ደንብ

የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 15 ማይል ነው። ደወል ግዴታ ነው፤ ሰው ከመቅደምዎ በፊት አስቀድመው ደውለው «ኦን ዩር ሌፍት» ይበሉና በግራ ይለፉ። ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለበቅሎ ቅድሚያ ይስጡ፤ እንስሳ ሲያጋጥም ቆመው ያሳልፉ። በሜሪላንድ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ሄልሜት የማድረግ ግዴታ አለበት፤ አዋቂም ቢያደርግ ይበጀዋል።

ጎማ ሲበሳ

በኋላ ጎማ ከሆነ ካቴናውን ትንሹ ጥርስ ላይ ያውርዱና ቸርኬውን ያውጡ። የጎማውን አንድ ጎን ብቻ በማውለቂያ ያላቅቁ፤ ሁለቱንም ማውጣት አያስፈልግም። ካላማዳሪያውን አውጥተው ሲነፉት ቀዳዳው የት እንዳለ ከቫልቮላው አንጻር ያስተውሉ፤ የወጋው እሾህ ጎማው ላይ በዚያው ትይዩ ይገኛል። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ይዳስሱ፤ በባዶ ጣት ከዳሰሱ እሾኹ ይወጋዎታል። እሾኹን ሳይነቅሉ አዲስ ካላማዳሪያ ማስገባት ሁለተኛ ቀዳዳ መግዛት ነው። አዲሱን ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ነፍተው ያስገቡ፣ ጎማውን ከቫልቮላው ተቃራኒ ጀምረው በእጅ ይመልሱ፣ ቫልቮላው ጋ ይጨርሱ። መጨረሻ ላይ ቫልቮላውን ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉ፤ ካላማዳሪያው በጎማው ጠርዝ ሥር ተቆንጥጦ እንዳይቀር ይረዳል።

ሩቅ ለሚሄድ

ሙሉውን ርቀት ከአራት እስከ ስድስት ቀን መድቦ መጨረስ ይቻላል። ከከምበርላንድ ወደ ጆርጅታውን ቢነዱ ዝቅታው በትንሹም ቢሆን ያግዛል። የብስክሌተኛ ካምፖቹ ነጻ ናቸው፤ በአንድ ቦታ የሚፈቀደው አንድ ሌሊት ነው። ማይል 155 ላይ ያለው የፓው ፓው ዋሻ 3,118 ጫማ ይረዝማል፣ ውስጡ ፍጹም ጨለማ ነው፣ መንገዱ ጠባብና ጎርበጥባጣ ነው፤ የግንባር መብራት አብርተው በእግር ይለፉ።

ቤት ሲመለሱ

በሣር ውስጥ ካለፉ በዚያው ቀን ሰውነትዎን ለመዥገር ይፈትሹ፦ ብብት፣ ጉልበት ጀርባ፣ ወገብ፣ የጆሮ ሥር። ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የሚባለው በሽታ በዚህ አገር የተለመደ ነው። ፖይዝን አይቪ የሚባለውን ቆዳ የሚያሳክክ ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ብስክሌቱ ነክቶት ከሆነ ዘይቱ መሪው ላይ ይቆያልና እጅዎን ብቻ ሳይሆን ብስክሌቱንም በሳሙና ይጠቡ።

ጭቃውን በባልዲ ውሃና በብሩሽ ያጽዱ። ኃይለኛ የውሃ ግፊት ግራሶውን ከኩሽኔታ አውጥቶ ውሃ ያስገባል። ካቴናውን በጨርቅ እስኪደርቅ ይጥረጉ፣ በየማያያዣው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፣ ትርፉን ያብሱ፤ የተረፈ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል። የፍሬን ሸራዎቹን ውፍረትም ይመልከቱ፤ የዚህ መንገድ ደቃቅ አሸዋ ከአስፋልት ይልቅ ቶሎ ይበላቸዋል።