ወጣት መጋቢዎች፣ እነዚህን ስህተቶች አደራ

ሐዋሳ ውስጥ ከአዳዲስ አገልጋዮች ጋር ስቀመጥ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ስለ ስብከት አዘገጃጀት ነው። ጳውሎስ ግን በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ላይ ለኤጲስ ቆጶስ ከዘረዘራቸው ነገሮች ውስጥ የመድረክ ችሎታ የሚባለው ማስተማር ብቻ ነው። ሌላው ጠባይና ኑሮ ነው፦ ራስን መግዛት፣ እንግዳ መቀበል፣ ገንዘብ አለመውደድ፣ ቤትን በወጉ መምራት። ምዕመን የእሁዱን ስብከት እስከ ማክሰኞ ሊረሳው ይችላል። የመጋቢውን አመል ግን ሳያውቀው ይወርሰዋል።

ከሁሉ በላይ ማየት የሰለቸኝ በምክር የሰሙትን መድረክ ላይ ማውጣት ነው። አንዲት እህት ቢሮ ገብታ ስለ ባሏ መጠጥ እያለቀሰች ትናገራለች። እሁድ መጋቢው፣ «ስም አልጠራም፣ በዚህ ሳምንት አንዲት እህት መጥታ...» ብሎ ይጀምራል። ስም አልጠራም! ታቦር ወይም መናኸሪያ ሰፈር ባለች አጥቢያ ማን ቢሮ እንደገባ ጥበቃው ያውቃል። ልምምድ ላይ የነበሩት ዘማሪዎች ያውቃሉ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አንገቷን ስትደፋ፣ ከኋላዋ ያሉት ሁለት ሴቶች በክርን ሲነካኩ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ለምክር የሚመጣ ሰው ይጠፋል። ትዳሩ የታመመ ሰው ጉዱን ውጦ ይቀመጣል፣ ወይም በስልክ ትንቢት ለሚናገርለት ለማያውቀው ሰው ይነግራል። በየቤቱ ያለው ኅብረትም ይበላሻል። «ለጸሎት ርዕስ እንዲሆን» እየተባለ የሰው ገመና ይዘረገፋል። መጋቢያቸው ያደረገውን ነው ያደረጉት። እባካችሁ፣ የሰው እንባ የስብከት ማጣፈጫ አይሁን። ባለጉዳዩንም ፈቃድ አትጠይቁት። ጭንቅ ይዞት የመጣ ሰው መጋቢውን እምቢ ማለት አይሆንለትም።

ሁለተኛው ከወገን ጋር ብቻ መዋል ነው። ሐዋሳ ላይ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይዘምራል። ፕሮግራም ሲያልቅ ግን መጋቢው ግቢው ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቆም፣ የማን ለቅሶ ላይ እንደሚያመሽ፣ የማን ቤት ቡና እንደሚጠጣ ሰው ሁሉ ያያል። ገላትያ 2ን አንብቡ። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ከነበረው ከያዕቆብ ዘንድ አይሁድ ሲመጡ ፈራና ከማዕዱ ራቀ። ሌሎቹም አይሁድ ተከተሉት፤ በርናባስ ሳይቀር። ጴጥሮስ እዚያ ስብከቱን አልቀየረም። የቀየረው የሚበላበትን ቦታ ነው፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው። አንዳንድ አጥቢያ የሽማግሌ ምርጫ ሲደርስ በዘር ይከፈልና የጾም ጸሎት ይታወጃል። ጸሎቱ መልካም ነው። መጋቢው ግን አስቀድሞ የራሱን ማዕድ ይይ።

አስራት በግል ቴሌብር አትቀበሉ። ታማኝ ብትሆኑም አትቀበሉ። ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ሲያደርስ፣ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ አድርጓል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አለ።

ማይክ በጮኸ ቁጥር ሳውንድ ላይ ያለውን ልጅ በሰው ፊት አትቆጡት። ትንሽ ቆይቶ የኳየሯ መሪ ዘማሪዎቹን በዚያው ቃና ስታመናጭቅ ትሰማላችሁ። ተቆጥታችሁ ከሆነም ይቅርታውን እዚያው መድረክ ላይ ጠይቁ። በአደባባይ ያዋረዱትን ሰው ቢሮ ጠርቶ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃም።

«የቀባኋቸውን አትንኩ» በሚለው ቃል ከጥያቄ መሸሽም አለ። መዝሙረ ዳዊት ይህን የሚለው ከአገር አገር ይንከራተቱ ስለነበሩት አባቶች፣ ስለ እነ አብርሃም ነው፤ እግዚአብሔር ከነገሥታት ሊጠብቃቸው። ስለ መጋቢ ከሆነ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ግልጽ ነው። ክሱ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይሰማል፣ ኃጢአት የሠራም በሁሉ ፊት ይገሠጻል። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችሁ ስለ እናንተ ጠባይ የሚነጋገሩበት ቀን ራሳችሁ ቁረጡላቸው። በዚያ ቀን ስብሰባውን እናንተ አትምሩ፤ ቃለ ጉባኤውንም እናንተ አትያዙ።