አዲስ የተጫነ ፕሮግራም አማርኛውን ሲያበላሽ፦ ሴቭ ከማድረጋችሁ በፊት

«ልጄ፣ ፕሮግራሙስ ተጭኗል፤ የሰው ስም ግን እምቢ አለ» አሉኝ የእድራችን ጸሐፊ፣ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጥተው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ቤት ላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ነው የምሠራው። የአባላት መመዝገቢያ ፕሮግራም የጫነላቸው ሌላ ሰው ነው። ስም ጽፈው ሲያስገቡ የሚመጣላቸው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ ሴቭ አድርገዋል?» ብዬ ነው የጀመርኩት። ለእናንተም መጀመሪያ የምላችሁ ይህንኑ ነው። የተበላሸ አማርኛ ስታዩ ምንም አትንኩ። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉና ብልሽቱ ምን እንደሚመስል አስተውሉ፤ መልኩ ምን እንደጎደለ ይነግራችኋል።

ባዶ አራት ማዕዘን ከሆነ ቀላል ነው። ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጠፋው ፎንት ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላ፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ኢብሪማ አብሮ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ግን የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት መርጦ ሊሆን ይችላል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ኢብሪማ አድርጉት፤ ካልሆነም አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

አናቷ ላይ ጭረት የተጣለባት የላቲን ኤ (á) እየተደጋገመች ከመጣች ደግሞ አትደንግጡ። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ (ኢንኮዲንግ) አንዱን የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት፣ ማለትም በሦስት ትናንሽ የኮምፒውተር ቁጥሮች ነው የሚያስቀምጠው፤ የመጀመሪያው ባይት ለመደበኛ ፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ነው። ፕሮግራሙ በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ የፊደል ሠንጠረዥ ሲያነበው ያ ባይት ጭረት ያለባት ኤ ይሆናል። ለምሳሌ «ሰ» ስትበላሽ ኤዋ ትመጣለች፣ ቀጥሎ የቤት ጣሪያ የምትመስል ምልክት፣ ከዚያ የሙቀት ዲግሪ የምንጽፍባት ትንሽ ክብ። ሦስቱም ባይት አለ ማለት ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ብቻ ነው። ፋይሉን እንደገና ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ካላችሁት ስሙ ይመለሳል።

ተራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጥብ የተደባለቀበት ከሆነ፣ ጽሑፉ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለምን ፊደሎች በአንድ ዝርዝር በቁጥር የያዘው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ሶፍትዌር ሠሪ በላቲኑ ቦታ ላይ የራሱን ፊደል ይሥል ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ያ ፎንት ሲጠፋ ላቲኑ ይወጣል። ኢንኮዲንግ መቀያየር እዚህ ላይ አይረዳም። ያንኑ ፎንት መልሳችሁ ጫኑ፣ ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም አሳልፉት።

የጥያቄ ምልክት ነው ክፉው። ፕሮግራሙ ፊደሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ጥሎታል፣ በምትኩ እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ጽፏል። ሴቭ ከተደረገ ከዚያ ፋይል ውስጥ ስሙን የሚያወጣ ሰው የለም። ይህን የተማርኩት በ214 ሰው ስም ነው። የአንድ ማኅበር ዝርዝር በኤክሴል ሠርቼ፣ አዲስ ለተጫነላቸው ፕሮግራም እንዲሆን «ሲኤስቪ፣ ኮማ ዴሊሚትድ» በሚለው፣ ማለትም በኮማ በተለየ ተራ ጽሑፍ ሴቭ አደረግኩት። ስክሪኑ ላይ አማርኛው እንዳለ ቁጭ ብሏል። ደስ ብሎኝ ዋናውን ፋይል አጠፋሁት። በማግስቱ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ነው። ሁለት ሌሊት ከወረቀት መዝገቡ ላይ እያነበብኩ እንደገና ጻፍኩት። መብራት ሲጠፋ በስልኬ ብርሃን እያየሁ ነበር፤ የሰው ስም ነውና አንዱንም በግምት ልሞላው አልቻልኩም።

ኤክሴል ላይ ስለዚህ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ሌላ ሰው የላከላችሁን ሲኤስቪ ደግሞ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ባዶ ኤክሴል ከፍታችሁ ዳታ፣ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ በሉና ፋይል ኦሪጅን ላይ 65001ን ምረጡ፤ ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው። ሊብሬኦፊስ ሲከፍት ራሱ ስለሚጠይቅ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ኖትፓድ ላይም ሴቭ አዝ ስትሉ ከታች ኢንኮዲንግ የሚል አለ፤ አንሲ የሚል ካያችሁ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩት።

የጋሼ ፕሮግራም ግን ዩኒኮድ የማያውቅ አሮጌ ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው የዊንዶውስን የሲስተም ቋንቋ ነው የሚከተለው፤ ለአማርኛ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ የተለየ አሮጌ የኮድ ሠንጠረዥ የለም። መፍትሔው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሪጅን፣ አድሚኒስትሬቲቭ፣ ቼንጅ ሲስተም ሎኬል ነው። እዚያ ዊንዶውስ 10 ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣች «ቤታ፦ ዩዝ ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8» የምትል ሣጥን አለች። ምልክት አድርጉባትና ሪስታርት አድርጉ። ሌሎች አሮጌ ፕሮግራሞችን ልታናጋ ስለምትችል፣ በዚያ ኮምፒውተር የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ካለ በመጀመሪያ ጠይቁት። እዚያው ሪጅን ውስጥ ፎርማትስ የሚለውን ገጽ ግን አትንኩት፤ እሱ የቀንና የቁጥር አጻጻፍ ነው የሚቀይረው፣ ፊደል አያስተካክልም።

ፕሮግራሙ ስሞቹን ዳታቤዝ በሚባል የመረጃ ማከማቻ ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ ዊንዶውሱን ብቻ ማስተካከል አይበቃም። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ ከ8.0 እትም በፊት የነበረው፣ ካልነገሩት በስተቀር የአማርኛ ፊደል የሌለበትን ላቲን1 ነው የሚይዘው። የዳታቤዙ ሠንጠረዥም፣ ከፕሮግራሙ ጋር ያለው ግንኙነትም ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) መሆን አለባቸው። ይህን ስም ከመሙላታችሁ በፊት የጫነው ሰው ያድርገው።

ኮምፒውተሩን ሳስረክብ አንድ መስመር እፈትናለሁ፦ «ሟች ቋሚ አባል ጿሚ ኃይሉ ፀሐይ።» ዲቃላ ፊደሎቹ አሉበት፣ ሞክሼዎቹም አሉበት። አራት ነጥቡ ራሱ አንድ ፊደል ነው፤ ሁለት ኮሎን ደርባችሁ አትጻፉት። «ኃ» እና «ሀ»ም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው፤ በ«ኃይሉ» የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። መስመሩን ጽፌ ሴቭ አደርጋለሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ እከፍታለሁ፣ በመጨረሻ ደረሰኝ ላይ አትመዋለሁ፤ ስክሪን ላይ ደህና ሆኖ ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን የሚሆንበት ጊዜ አለና።

ጋሼ የጥያቄ ምልክት የሆኑባቸው አሥራ አንድ ስሞች ብቻ ነበሩ። መዝገቡን ገልጠው አንድ በአንድ አነበቡልኝ፣ እኔም ጻፍኩ።