ልጅዎ መኪና ባለበት መንገድ ብስክሌት ለመንዳት መድረሱን እንዴት ያውቃሉ?

«ስንት ዓመት ሲሞላው ልልቀቀው?» የሚለው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። ያም ሆኖ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን መኪና መሀል እንዲገባ አልመክርም። ብስክሌቱን አሳምሮ ቢነዳም የሚመጣውን መኪና ፍጥነት መገመት ገና ይከብደዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል።

መጀመሪያ ብስክሌቱን ይዩ። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የእግሩ ጣቶች መሬት ይንኩ። ሁለቱም ፍሬን ይያዝ። ሄልሜቱ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይበል።

ቀጥሎ መኪና የማይገባበት ሜዳ ይሂዱ። በጠመኔ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ልጁ መስመሩን ተከትሎ ሲነዳ ከኋላው ቆመው ጣትዎን ያንሱና «ስንት ነው?» ይበሉት። ዞር ብሎ አይቶ፣ ቁጥሩን ተናግሮ፣ ከመስመሩ ሳይወጣ መቀጠል አለበት። ለእኔ ዋናው ፈተና ይህ ነው። ልጄ መጀመሪያ ስትሞክረው አንገቷ ሲዞር መሪውም አብሮ ዞረና ከመስመሩ አንድ ሜትር ወጣች። መንገድ ላይ ቢሆን ያቺ አንድ ሜትር መኪና ፊት ናት። እስክትለምደው ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አንድ እጅ ዘርግቶ መታጠፊያ ማሳየትና «ቁም!» ሲባል ሳይንሸራተቱ መቆምም እዚያው ይለመዳሉ።

ከዚያ ብስክሌቱን ቤት ትተው አብራችሁ በእግር ውጡ። የቆመ መኪና እያሳዩ «ይሄ ሊነሳ ነው? በምን አወቅክ?» ብለው ይጠይቁት። የዞረ የፊት ጎማ፣ የበራ ፍሬቻ፣ መሪ የጨበጠ ሰው ካስተዋለ ጥሩ ነው። በር ድንገት ሊከፈት እንደሚችልም ይወቅ።

አሁን ጭር ባለ መንገድ አብራችሁ ንዱ። እሱ ከፊት፣ እርስዎ ከኋላ ትንሽ ወደ መሀል ወጣ ብለው። የሚያየውን ጮክ ብሎ ይንገርዎት። ከባድ መኪና ጎን በጭራሽ እንዳይገባ ያስጠንቅቁት፤ ሹፌሩን በመስታወቱ ካላየው ሹፌሩም አያየውም።

አንድ ነገር አደራ። ከጓደኞቹ ጋር ሲሆንም ይመልከቱት። ከእርስዎ ጋር ጠንቃቃ ሆኖ ጓደኛውን ሲያባርር መታጠፊያውን ሳያይ ጥሶ የሚያልፍ ከሆነ ገና ነው።

ሁሉን ካለፈ በአንድ በሚያውቀው መንገድ፣ በቀን ብርሃን ይጀምር። አስቸጋሪ መገናኛ ላይ ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ይሻገር።