የሚሽከረከር የጠፈር ጣቢያን ስበት በሲባጎና በዳዶ መለካት

በሚሽከረከር የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሰውን ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር የለም። ሰውነቱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ የተጠማዘዘው ወለል ግን እየገፋ ወደ መሐል ይመልሰዋል። እግር ሥር የሚሰማው ክብደት ይህ ግፊት ነው። መጠኑን አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ያለ የሳይንስ ክበብ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለካዋል።

ሲባጎ፣ ባዶ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ፣ ከሶማሌ ተራ የሚገኝ ከበድ ያለ ዳዶና የስልክ ሰዓት ያዙ። ሲባጎውን በቀፎው አሳልፋችሁ ከላይ በወፍራሙ ቋጥሩት፤ ከቀፎው የታችኛው አፍ እስከ ዳዶው 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዳዶውን ሁለቴ እሰሩት፤ ካመለጠ የሰው ዓይን ያጠፋል። ከቀፎው አፍ 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ። ከሰሌዳው አንድ ሜትር ራቅ ብላችሁ ዳዶው መስመሩ ከፍታ ላይ እስኪዞር አሽከርክሩት፤ አንድ ሰው ዓይኑን ከመስመሩ እኩል አድርጎ ይከታተል። ያኔ ሲባጎው 45 ዲግሪ ያጋድላል፤ እንደ ጣቢያው ወለል ዳዶውን ወደ መሐል የሚመልሰው የሲባጎው ኃይል ከዳዶው ክብደት እኩል ሆኗል።

አሥር ዙር 14.2 ሰከንድ ገደማ መፍጀት አለበት። ውጤቱ ከተዛባ ሁለት ነገር ፈትሹ፦ ቆጠራው ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ ተጀምሮ ከሆነ 9 ዙር ብቻ ነው የተለካው፤ እጅ አብሮ ከዞረ ደግሞ ክቡ ይሰፋል። ስለዚህ ክንዱን በሌላኛው እጅ ደግፉት።

ስሌቱ ይህ ነው፦ 6.28ን ለአንድ ዙር ጊዜ አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በክቡ ሬዲየስ በ0.5 ሜትር አባዙት። 9.78 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይመጣል፤ የአዲስ አበባ ስበት ወደ 9.77 ነው።

አሁን ስበቱ ሳይቀየር ሬዲየሱን እስከ ጣቢያ መጠን አሳድጉት። ሬዲየሱ አራት እጥፍ ሲሆን በደቂቃ የሚዞረው ዙር በግማሽ ቢቀንስም ይበቃል። በደቂቃ 2 ዙር ብቻ እንዲዞር ከተፈለገ 224 ሜትር ሬዲየስ ያስፈልጋል፤ ሰንጋ ተራ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመት እንኳ 209 ሜትር ነው። የጣቢያው ትልቁ ወጪ እዚህ ላይ ነው፤ ማሽከርከሩ ቀላል ነው። በ10 ሜትር ሬዲየስ ግን በደቂቃ 9.5 ዙር ግድ ይላል፦ ጭንቅላት ላይ ያለው ስበት ከእግር በ17 በመቶ ያንሳል፣ ፊት በዞረ ቁጥር የውስጥ ጆሮ ይዛባና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ የተለቀቀ ኳስም ከእግር ሥር ሳይሆን ከዙሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ያርፋል።

ሙሉ ቀለበት ሳይሠሩ ሬዲየስ ለማግኘት ሁለት መንኮራኩሮችን በገመድ አስሮ ማዞር ይቻላል። የአሜሪካው መንኮራኩር ጀሚኒ 11 በመስከረም 1966 (እ.ኤ.አ.) በ30 ሜትር ገመድ ሞክሮታል፤ ዙሩ በጣም ዝግተኛ ስለነበር ስበቱ የተለቀቀ ካሜራን በቀስታ ወደ ኋላ ከማንሳፈፍ አላለፈም።