ከአያት ተነስታችሁ የዋሽንግተን ሜትሮ ለምትሳፈሩ

ቪዛ ተመቶላችሁ የበረራ ቀን የምትጠብቁ የአያት ልጆች፣ የሻንጣውን ሩጫ አንድ ከሰዓት ተዉትና በሰፈራችን ባቡር ተለማመዱ። ከአያት ተሳፍራችሁ ስታዲየም ውረዱ። ከዚያ የቃሊቲውን ያዙ። መስመር መቀየር የለመደ ሰው ዋሽንግተን ላይ ብዙ ግራ አይጋባም። አሁን የደረሳችሁ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቁም ነገሩ።

እዚያ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል ረዳት የለም። አቅጣጫውን የምታውቁት ባቡሩ ግንባር ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ጣቢያ ስም ነው። ከዋሽንግተኑ ደላስ ኤርፖርት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ ጋ ልትሄዱ ነው እንበል። ሲልቨር ላይን የሚባለው የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ኤርፖርቱ ድረስ ይመጣል። አሽበርን የሚለውን ተዉት፣ ከከተማው ያርቃችኋል። በሌላው አቅጣጫ ሂዱና ሜትሮ ሴንተር ወርዳችሁ ሬድ ላይን ያዙ። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሬድ ላይን መሃል ከተማ ደርሶ ስለሚታጠፍ ሁለቱም ጫፎቹ ሜሪላንድ ናቸው። «የሜሪላንዱ የቱ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ሁለቱም» ነው። የእናንተ ግሌንሞንት የሚለው ነው። ሼዲ ግሮቭ የሚለው በሌላ በኩል ይዟችሁ ይሄዳል።

ስማርትሪፕ በሚባል ካርድ መክፈል ትችላላችሁ፤ ስልክ ላይም ይጫናል። ስትገቡም ስትወጡም ታስነካላችሁ። ሒሳቡ እንደ ርቀቱ ስለሆነ ካርዱን ገብታችሁ እንዳትጥሉት። አንድ ካርድ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል» እዚያ አይሠራም። መጋበዝ ካማራችሁ የጓደኛችሁ ካርድ ላይ ብር ሙሉለት።

«ወራጅ አለ!» ማለትም የለም፣ ባቡሩ ራሱ በየጣቢያው ይቆማል። በሩ ሲዘጋ ግን እጃችሁን አታስገቡ። እንደ ሊፍት በር ተመልሶ አይከፈትም። ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው፤ እናት የቋጠረችላችሁ ዳቦ ቆሎ ቤት እስክትደርሱ ይቆይ።

ተንቀሳቃሽ ደረጃው ላይ በቀኝ በኩል ቁሙ። ግራው ለሚቸኩል ሰው ነው። ጎን ለጎን ቆማችሁ ወሬ ከያዛችሁ ከኋላችሁ «ኤክስኪውዝ ሚ» መስማታችሁ አይቀርም፣ ያውም በቁጣ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ጣቢያ አለፍ ብሎ ያለው የዊተን ደረጃ 70 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከፍታ የሚፈራና ሁለት ሻንጣ የሚጎትት ሰው ሊፍቱን ይፈልግ፣ በየጣቢያው አለ።