ጌም የምንወድ ሰዎች የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ጌም የለመድኩት ሰፈራችን ውስጥ በነበረች አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነው፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ አግዳሚ። ተሸናፊ ሒሳብ ከፍሎ ይነሳል፣ ተራ የያዘው ይቀመጣል። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል፤ ጆይስቲክ ግን ከእጄ አልወጣም። እዚህ የምጽፋቸው እኔም ጓደኞቼም ዋጋ የከፈልንባቸው ስህተቶች ናቸው።

በወጣበት ቀን መግዛት

ማስታወቂያው ያጓጓል፣ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ያወራል፣ እኛ ብቻ የቀረን ይመስለናል። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እየተንቀራፈፈና በመሃል እየተዘጋ አላጫውት ስላለ፣ የፕሌይስቴሽን ሠሪ ሶኒ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ከኦንላይን መደብሩ አወረደው። የመለሰው በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ 2.0 የተባለው ማሻሻያ ሲመጣ በአዲሶቹ ኮንሶሎች (የጌም ማጫወቻዎች) ላይ ድንቅ ጌም ሆነ። የቸኮለው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የተበላሸውን ወሰደ፤ የታገሠው የተስተካከለውን በቅናሽ አገኘ። እኔ አሁን ቢያንስ ስድስት ወር እጠብቃለሁ። ከጓደኞቼ ጋር በኦንላይን የምጫወተው ከሆነ ብቻ ነው የማልጠብቀው፤ እነሱ ሰልችቷቸው ከተዉት በኋላ ብቻዬን ብገባበት ምን ዋጋ አለው?

“ግራፊክሱ የድሮ ነው” ብሎ መተው

ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የምንደረድርበትን ቴትሪስን ሲሠራ የነበረው ኮምፒውተር ጽሑፍ እንጂ ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ የሚወርዱትን ቅርጾች የሠራቸው በቅንፍ ምልክቶች ነው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የ1989ኙን የኔንቴንዶ ቴትሪስ፣ ጌሙ ራሱ መቀጠል አቅቶት ደርቆ እስኪቆም ድረስ ተጫወተው። ከእሱ በፊት እዚያ የደረሱት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ብቻ ነበሩ። በቅንፍ የተጀመረ ጨዋታ ነው እንግዲህ ይህ።

የእኔ ጓደኞችም እስከ ዛሬ ሲገናኙ የሚከፍቱት በ2006 የወጣውን ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ነው። የተጫዋቾቹ ፊት ዛሬ ሲታይ የሸክላ ይመስላል። ግን የኢንተሩ አድሪያኖ በግራ እግሩ ከሩቅ ሲለጋት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ገና ኳሷ ሳትገባ ከመቀመጫው ይነሳል። ይህን ስሜት የሰጠኝ አዲስ የኳስ ጌም እስካሁን አላገኘሁም።

“ከፈልኩበት፣ የእኔ ነው” ማለት

ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም በ2014 ወጣ። አሳታሚው ዩቢሶፍት በማርች 2024 መጨረሻ ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኝበትን ሰርቨር ሲዘጋው ብቻውን መንዳት የሚፈልግ ሰው እንኳ መክፈት አልቻለም፤ ዲስኩን መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠውም ጭምር። አውሮፓ ውስጥ ይህ እንዲቆም ለአውሮፓ ኅብረት በቀረበ አቤቱታ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሟል፤ ደስ ብሎኛል፣ ሲያንስ ነው። ኦንላይን ስንገዛ በአብዛኛው የምናገኘው የመጫወት ፈቃድ እንጂ ጌሙን አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

አንድ ሴቭ ብቻ መያዝ

ሴቭ ማለት ጌሙን ካቆምንበት እንድንቀጥል የሚቀመጠው መዝገብ ነው፤ ባለ 8 ሜጋባይቷን የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ፣ ማለትም ሴቩ የሚቀመጥባትን፣ የሚያውቅ ይረዳኛል። ክረምቱን በሙሉ አንድ ደካማ ቡድን ይዤ፣ ተጫዋች እየገዛሁ እየሸጥኩ፣ ዋንጫ ልበላ ሁለት ግጥሚያ ሲቀረኝ፣ “ሴቭ እያደረገ ነው፣ ካርዱን እንዳትነቅሉ” የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እንዳለ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ካርዱ ባዶ ነበር። ሁለት ሴቭ እያፈራረቁ መጠቀም አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ ግዴታ ነው።

ቴሌቪዥኑን እንዳለ መተው

በአጭሩ፦ የቴሌቪዥናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ “ጌም ሞድ” የሚለውን አብሩ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ጊዜ ስለሚወስድ ነው በተኑን ተጭናችሁ ተጫዋቹ ዘግይቶ የሚመታው። ጥፋቱ የጆይስቲኩ እየመሰላቸው አዲስ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ጌም ሁሉ የልጅ ነው ብሎ ማሰብ

ጂቲኤ 5 የተባለው የወንጀል ጌም በአውሮፓ 18 ዓመት ላልሞላው አይፈቀድም፤ የሽፋኑ ጥግ ላይ ተጽፏል። ሆኖም ጌም ቤት ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲጫወተው ማንም ዞር ብሎ አያይም። ወላጆች ቁጥሯን እዩ። ስልካችሁንም የባንክ ካርድ እንደተያያዘበት ለልጅ አትስጡ፤ ጌም ውስጥ ያሉትን፣ ምን እንደያዙ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚከፈቱትን ሣጥኖች የቤልጂየም ቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 ቁማር ናቸው ብሏቸዋል፣ እኔም እስማማለሁ።

በቀላሉ ሌቭል የሚጫወተውን መናቅ

ይህን በልጅነቴ ያደረግኩት እህቴ ላይ ነው። “አንቺ አትችዪም” ብዬ ጆይስቲኩን ከእጇ እቀማት ነበር፤ ጌም ቤትም አንድ ቀን ይዣት ሄጄ አላውቅም። ሴልስት የተባለው ከባድ ጌም በ2018 ሲወጣ ተጫዋቹ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስችል አማራጭ ይዞ ነው የመጣው፤ በዚያ ምክንያት ያነሰበት ነገር የለም። ሰው ከሥራ ደክሞት ገብቶ አንድ ሰዓት ዘና ማለት ቢፈልግ ማን ከልካይ አለው?

አሁን እሑድ እሑድ እህቴ እኔ ቤት ትመጣና ከቡና በኋላ ኢት ቴክስ ቱን እንከፍታለን። በ2021 የወጣ፣ ያለ ሁለት ሰው ጨርሶ የማይሠራ ጌም ነው። ብዙ ጊዜ የምወድቀው እኔ ነኝ። እሷ ወዲያ ማዶ ተሻግራ፣ ሲኒዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ “አይዞህ፣ እንደገና ዝለል” ትለኛለች።